አንድ ማርክ አለብኝ

ይሄን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ግን የመጣው ይምጣ ብዬ እለጥፈዋለሁ። ረዘም ይላል፤ ቡና ያላችሁ ቡናችሁን ያዙ።

የዛሬ 7 ዓመት ነው። 9ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ሚድ ፈተና ላይ አንድ የእውነት/ሐሰት ጥያቄ አወጣሁ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ሲሆን እንዲህ ይላል፦ «ፎቶሲንተሲስ የሚያካሂድ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ኦክስጅን ያወጣል።» እኔ «እውነት» ብዬ ነው ያወጣሁት። ክፍሉ በሙሉ ማለት ይቻላል «እውነት» አለ። አንዲት ልጅ ብቻ «ሐሰት» ብላ መለሰች። ኤክስ አደረግኩባት።

ወረቀቱን ስመልስ ልጅቷ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ 7ኛው ጥያቄ ሐሰት መሰለኝ። ኦክስጅን የማያወጡ ባክቴሪያዎች አሉ። ወንድሜ ሃንድአውት ላይ አይቻለሁ።» ወንድሟ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ነበር።

«ነገ ሃንድአውቱን ይዘሽ ነይና አብረን እንየው» ማለት እችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ምንም አያስከፍልም። እኔ ያልኩት ግን ይሄን ነው፦ «ኦክስጅን የማያወጣ ፎቶሲንተሲስ ካለማ እኔም ከነገ ጀምሮ ምሳዬን ትቼ ፀሐይ እሞቃለሁ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ትንሽ ፈገግ አለችና ተቀመጠች። ከዚያ ቀን በኋላ እስከ ሰኔ ድረስ እጇን ስታወጣ አላየሁም። የክፍሉ ሆምሩም እኔ ስለነበርኩ ዓመቱ ሲያልቅ ካርዷ ላይ አስተያየት የጻፍኩትም እኔው ነኝ። ምን ብዬ እንደጻፍኩ አስታውሳለሁ፤ «ጎበዝ እና ዝምተኛ ተማሪ» ነው ያልኩት።

ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኔ ዲፕሎማ ነኝ። 7ኛና 8ኛ ክፍል ለማስተማር ነው የሰለጠንኩት። የባዮሎጂ መምህር ሲጠፋ «ለጊዜው» ተብዬ ሃይስኩል ገባሁ፤ ጊዜው ይኸው እስካሁን አላለቀም። ስታፍ ውስጥ ዲግሪና ማስተርስ ካላቸው ጓደኞቼ ጋር እቀመጣለሁ። ማንም በክፉ ተናግሮኝ አያውቅም። ግን «የት ነው የተመረቅከው?» የሚል ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ሻይ ልቀዳ የምነሳው እኔ ነኝ። እና አንድ የ15 ዓመት ልጅ 60 ተማሪ ፊት «ቲቸር፣ ተሳስተሃል» የምትል ሲመስለኝ የሰማሁት ሌላ ነገር ነበር። «ዲፕሎማ ስለሆነ እኮ ነው» የሚል ድምፅ። ማንም አላለውም። እኔ ግን ሰማሁት፤ እሱን ለማፈን ነው ልጅቷ ላይ ያሳቅኩት።

አሁን ወደ ጭቃው ልውሰዳችሁ።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ለተማሪዎቼ አንድ የተግባር ሥራ ላሳይ ፈለግኩ። ላብ የሚባለው ክፍላችን የተሰበረ ዴስክ ማከማቻ ሆኗል። ስለዚህ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ፍለጋ ማታ ማታ ስልኬ ላይ ሳነብ የቪኖግራድስኪን ዘዴ አገኘሁ። ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ኪየቭ የተወለደ ሳይንቲስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የአፈርና የጭቃ ባክቴሪያዎች በየራሳቸው መንገድ እንዴት እንደሚኖሩ ያጠና ነበር። ዘዴው ይገርማችኋል፤ ጭቃ በብርጭቆ ውስጥ አስቀምጦ መጠበቅ ነው። በቃ።

እኛም ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ አንገቱን ቆረጥን። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ጨፌ ጥቁር ጭቃ አመጣን። ከታች የተቀዳደደ ጋዜጣና የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ከጭቃ ጋር አደባለቅን፤ ጋዜጣው ምግብ እንዲሆን፣ አስኳሉ ሰልፈር እንዲሰጥ። ላዩን ተራ ጭቃ፣ ከዚያ የጨፌውን ውሃ ጨመርን። በፌስታል ላላ አድርገን ሸፈንነውና መስኮት ሥር አስቀመጥነው።

ለሦስት ሳምንት ምንም የለም። ሽታ ብቻ። አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ሽንት ቤት ነው» ብሎ ስም አወጣለት። ከላይ አረንጓዴ ነገር ጀመረ፤ እሱ አልገረመኝም። በሁለተኛው ወር ግን በብርሃኑ በኩል፣ ከውሃው በታች፣ ጭቃው ላይ ቀይ ነገር ብቅ አለ። መጀመሪያ እንደ ሳንቲም፣ ከዚያ እንደ መዳፍ ሰፋ። ዝገት የመሰለ ቀይ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። ሃይላንዱን አዙረን ስናየው ጨለማው በኩል ምንም ቀይ የለም።

ብርሃን ይፈልጋል ማለት ነው። ግን አረንጓዴ አይደለም። ያለበትም ቦታ አየር አይደርስበትም።

ያን ቀን ማታ ስለዚህ ቀይ ነገር ማንበብ ጀመርኩ። 20 ደቂቃ ሳይሞላ 7ኛው ጥያቄ መጣ። የልጅቷ ፊት መጣ። ስልኩን አስቀምጬ ውጭ ወጣሁ።

ቀዮቹ «ወይን ጠጅ ባክቴሪያዎች» ይባላሉ። በብርሃን ነው የሚሠሩት። ኦክስጅን አያወጡም። ልጅቷ ልክ ነበረች። «በከፊል ልክ»፣ «በአንድ በኩል ልክ» አይደለም፤ ልክ ነበረች። ይሄ ደግሞ ትናንት የተገኘ ነገር አይደለም። እኔ ሳልወለድ፣ አባቴም ሳይወለድ የታወቀ ነው።

በጣም ያሳፈረኝ ቀጥሎ ያለው ነው። በየዓመቱ ተማሪዎቼን «ዕፅዋት የሚያወጡት ኦክስጅን ከውሃ ነው የሚመጣው፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ አይደለም» ብዬ አስሸመድዳለሁ። ያስሸመደድኳችሁ ልጆች ታስታውሳላችሁ። ይሄ እንዴት እንደታወቀ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ኮርኔሊስ ቫን ኒል የሚባል ሆላንዳዊ፣ ካሊፎርኒያ ባሕር ዳር ባለ ጣቢያ ላይ፣ እነዚህኑ ባክቴሪያዎች ሲያጠና ነው ነገሩ የበራለት። አንዳንዶቹ የሚጠቀሙት በውሃ ፋንታ ሃይድሮጅን ሰልፋይድን ነው፤ ያን የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውን ጋዝ። ሃይድሮጅኑን ይወስዱና ሰልፈሩን ይተዋሉ። ውሃ ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን ነው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ሰልፈር ነው። እስቲ ጎን ለጎን ጻፏቸው። እነዚያ ሰልፈር የሚተዉት ሃይድሮጅን ሰልፋይድን ሰንጥቀው ከሆነ፣ ዕፅዋት ኦክስጅን የሚተዉት ውሃን ሰንጥቀው መሆን አለበት! ቫን ኒል እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ይሄን አለ። በ1941 ሩበንና ካመን ከባልደረቦቻቸው ጋር ከበድ ያለ ኦክስጅን ያለበት ውሃ ተጠቅመው አረጋገጡት።

አያችሁ? እኔ የሳቅኩባት «የማይሆን ነገር» እኮ የማስተምረው እውነት የተገኘበት መንገድ ነው። ደንቡን የያዝኩት በቃል ነው። እሷ ያነሳችው ደንቡ የተፈታበትን ቁልፍ ነው።

ከዚያ በኋላ ማቆም አቃተኝ። ከወይን ጠጆቹ መሃል አንዱን ለይቼ ማንበብ ያዝኩ። ሮዶሱዶሞናስ ፓሉስትሪስ ይባላል። ፓሉስትሪስ በላቲን «የረግረግ» ማለት ነው፤ የጨፌ ልጅ በሉት። ይህን ስም የሰጠውም ያው ቫን ኒል ነው፣ በ1944። በአፈርም፣ በኩሬም፣ በረግረግም ይኖራል። ሃይላንዳችን ውስጥ ያለው ቀይ የብዙ ዓይነት ቅልቅል ነው፣ ማን ማን እንደሆነ በዓይን አይለይም። ግን ቤተሰቡ ይሄ ነው።

ለተማሪዎቼ በኩሽና ነው ያስረዳኋቸው። እንጀራ ለመጋገር ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ እሳትና ሊጥ። እሳቱ ከኤሌክትሪክ ሊመጣ ይችላል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከማገዶ። ሊጡንም ጤፍ ለቅመሽ፣ አስፈጭተሽ፣ አቡክተሽ ትሠሪያለሽ፤ ወይም ከጎረቤት የተቦካ ታመጫለሽ። ለሕያው ነገርም እንደዚያው ነው። እሳቱ ጉልበት ነው፣ ሊጡ ካርቦን። ዕፅዋት ጉልበት ከብርሃን፣ ካርቦን ከአየር ይወስዳሉ። እኛ ሁለቱንም ከምግብ። አብዛኛው ሕያው ነገር አንዱን መንገድ ይዞ ይኖራል።

ፓሉስትሪስ አራቱንም ይችላል። ብርሃን ካለ በብርሃን፣ ካርቦኑንም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ራሱ ይሠራል። ብርሃን ኖሮ የበሰበሰ ቅጠል ትርፍራፊ ካገኘ ደግሞ በብርሃን እየነደደ ያለቀለትን ሊጥ ይጠቀማል። ጨለማ ሆኖ ኦክስጅን ካለ እንደኛው ይተነፍሳል፣ ምግቡን ያቃጥላል። ምግብ ከሌለ እንደ ሃይድሮጅን ካሉ ነገሮች ጉልበት አውጥቶ ካርቦኑን ከአየር ይወስዳል። አንዷ ሴል ናት ይሄን ሁሉ የምትችለው። ርዝመቷ በማይክሮስኮፕ ካልሆነ የማይታይ።

እንጨትና ገለባ ሲበሰብስ የሚወጡ እነዚያን ለመፍጨት የሚያስቸግሩ የቀለበት ቅርጽ ያላቸው ውህዶች ኦክስጅን በሌለበትም ይሰብራቸዋል። ሌላው ባክቴሪያ ትቶት የሄደውን ነው የሚበላው።

ናይትሮጅንም አለ። አየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ ይቀይራል። ይሄን የሚሠራው ኢንዛይም ናይትሮጂኔዝ ይባላል፤ ለሥራው ሞሊብደነም የሚባል ብረታ ብረት ይፈልጋል። ብዙዎቹ ናይትሮጅን አሳሪዎች ያላቸው ይሄ ብቻ ነው። ፓሉስትሪስ ሦስት ዓይነት አለው፤ አንዱ በሞሊብደነም፣ አንዱ ሞሊብደነም ሲጠፋ በቫናዲየም፣ ሦስተኛው ሁለቱም ሲጠፉ በብረት ብቻ። ሥራውን ሲሠራ ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣዋል፤ ተመራማሪዎች ለነዳጅ የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ሳያድግ፣ ሳይባዛ፣ ብርሃን ብቻ እያገኘ ለወራት ሃይድሮጅን ሲሰጥ ታይቷል። በነገራችን ላይ የአኩሪ አተር ሥር ላይ እብጠት ሠርቶ የሚኖረው ብራዲራይዞቢየም የቅርብ ዘመዱ ነው። አኩሪ አተር የምትዘሩ ቤተሰቦች ያላችሁ ልጆች፣ ዘመዱን ታውቁታላችሁ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ሙሉ ጂኖሙ ተነቦ ታተመ። 5,459,213 ፊደል፣ ወደ 4,800 ጂን። በየላብራቶሪው የምናውቀው ኢ. ኮላይ 4.6 ሚሊዮን ፊደል አካባቢ ነው ያለው። ጂኖሙ ሲገለጥ ከላይ ያልኳችሁ ሁሉ ተጽፎ ተገኘ፤ የአራቱም አኗኗር መሣሪያ፣ የሦስቱም ናይትሮጂኔዝ፣ ቀለበት መስበሪያው፣ ብርሃን መሰብሰቢያውም በተለያየ ዓይነት። አንድ ጓዳ ውስጥ ኤሌክትሪክ ምጣድም፣ የማገዶ ምድጃም፣ ከሰል ማንደጃም፣ ቡታጋዝም ያላት እናት ማለት ነው።

ሁሉንም ግን በአንድ ጊዜ አያነድም። ለምሳሌ ኦክስጅን እንደልብ ሲኖር ቀዩን ቀለም መሥራት ያቆማል። ጨለማ ውስጥ አየር እየነፋችሁ ብታሳድጉት የገረጣ ነው፤ ቀይነቱ ይጠፋል። ያን ጊዜ ብቻ ያየው ሰው «ይሄ ፎቶሲንተሲስ አያውቅም» ቢል የተሳሳተው ስላየው ነገር አይደለም። ያላየውን እንደሌለ ስለቆጠረ ነው። ጂኖቹ እዚያው ናቸው። አየሩን ዝጉበት፣ ብርሃን ስጡት፣ ይቀላል።

ይሄን ሳነብ የጻፍኩት የካርድ አስተያየት ትዝ አለኝ። «ዝምተኛ ተማሪ።» እኔ ያየሁት ከሚድ በኋላ ያለውን ነው። ዝም ያሰኘኋት ደግሞ እኔ ነኝ። ጠባይ አድርጌ ጻፍኩባት።

ባለፈው እሑድ ስልኳን ከጓደኛዋ ተቀብዬ ደወልኩላት። ስሟን፣ የት እንዳለች፣ ምን እንደምትሠራ እዚህ አልጽፍም፤ ሳይንስ እንዳልቀጠለች ብቻ ልበል። ያ በኔ ነው ማለት አልችልም፣ አይደለምም ማለት አልችልም። ሰላምታ ተለዋወጥን። ድምፄን ስትሰማ «ቲቸር! በሰላም ነው?» ብላ ደነገጠች። መምህር ከ7 ዓመት በኋላ ሲደውል ሰው የሞተ ይመስላል እኮ።

ነገርኳት። 7ኛው ጥያቄ፣ ኤክሱ፣ የምሳውና የፀሐዩ ቀልድ። «አንቺ ልክ ነበርሽ፣ እኔ ተሳስቼ ነበር፤ መሳሳቴ ሳያንስ አሳቅኩብሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

ሳቀች። «ኧረ ቲቸር፣ እኔ እኮ ረስቼዋለሁ» አለች። ከዚያ ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ?» ስል፣ «አይ፣ አልረሳሁትም» አለች። «ሃንድአውቱን በማግሥቱ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው መጥቼ ነበር።»

ምን እንደምል አላወቅኩም። ይዛው መጥታ ነበር። አልጠየቅኳትም፣ ሳታወጣው ይዛው ተመለሰች።

ስንሰነባበት «ቲቸር፣ ያ ጥያቄ ግን አሁንም ፈተና ላይ ይወጣል?» አለችኝ። የድሮ ፈተናዎቼን ደብተር ገልጬ አየሁ። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ አውጥቼዋለሁ። በሦስቱም «እውነት» ብዬ አርሜያለሁ። «ሐሰት» ብላችሁ ኤክስ ያገኛችሁ ልጆች ካላችሁ፣ ይሄ ይቅርታ ለእናንተም ነው። ውስጥ መስመር ላይ ጻፉልኝ። ማርኩ አሁን ምንም አያደርግላችሁም፤ ግን አለብኝ።

ጥያቄውን ዘንድሮ ቀይሬዋለሁ። እንዲህ ይላል፦ «ፎቶሲንተሲስ እያካሄደ ኦክስጅን የማያወጣ አንድ ሕያው ነገር ጥቀስ/ጥቀሺ። ለምን እንደማያወጣም ግለጽ/ግለጺ።» ከመልስ መስጫው በታች አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፤ «ይህ ፈተና ላይ መምህሩ የተሳሳተው ነገር ካለ እዚህ ጻፉ።» በመጀመሪያው ፈተና አራት ልጆች ጻፉ። ሦስቱ እነሱ ተሳስተው ነበር፤ አስረዳኋቸው። አንዱ ልክ ነበር። ክፍሉ ፊት «እሱ ልክ ነው፣ እኔ ተሳስቻለሁ» አልኩ። ማንም «ዲፕሎማ ስለሆነ ነው» አላለም። ያልሰማሁት ካለም ይበለው፤ ዲፕሎማ ነኝ።

መምህር የሆናችሁ ጓደኞቼ፣ ሃይላንዱን ሞክሩት። ጥቁር ጭቃ ከጨፌ ወይም ከወንዝ ዳር፣ ጋዜጣ፣ አስኳል፣ ውሃ፣ የመስኮት ብርሃን። ክዳኑን አጥብቃችሁ አትዝጉ፣ ጋዝ ስለሚያወጣ። አየር ያለበት ቦታ አስቀምጡት፣ ጭቃውን ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሽታውን ታገሡ። ስድስት፣ ሰባት ሳምንት ጠብቁ።

የኛው አሁንም 9ኛ «ቢ» መስኮት ሥር አለ። ቀዩ ግማሽ ድረስ ወጥቷል። ልጅቷም ፎቶውን ላክልኝ ስላለችኝ ልኬላታለሁ። ታች ኮሜንት ላይ ለእናንተም እለጥፈዋለሁ።